ኦቦ ዋቅቶላና አሥራ ሁለተኛው ጎማ

ኦቦ ዋቅቶላ ማረፋቸውን የሰማሁት ሽንኩርት ስከትፍ ነው። የደወለችልኝ የእህታቸው ልጅ ናት። «እትዬ ሙሉነሽ፣ አጎቴ ዛሬ ጠዋት ዐረፉ፤ ቀብሩ ነገ አርጆ ነው» አለችኝ። «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ሽንኩርቴን ጨረስኩ። ጎረቤቴ ብቅ ብላ ዓይኔን አየችና «ምነው አንቺ?» ስትለኝ «ሽንኩርቱ ነው» አልኳት።

እንዲህ ነኝ እኔ። መናገር ባለብኝ ሰዓት ሌላ ነገር የምቀባጥር ሴትዮ ነኝ። ይህን ጠባዬን ያወቅኩት በኦቦ ዋቅቶላ የተነሳ ስለሆነ፣ ስለሳቸው ሳወራ ራሴን ላሳምር ብሞክር ውሸት ይሆንብኛል።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወድቄ፣ ዓመት ሙሉ ሱቅ ውስጥ ክብሪትና ጨው ስሸጥ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ጥቂት አልጋዎች ባሉት አንድ የጤና ተቋም ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። የተቋሙን ስም አልጠራውም፤ ዛሬ እዚያ የሚሠሩት ምን በደሉኝ? ኦቦ ዋቅቶላ የላቦራቶሪው ቴክኒሽያን ነበሩ። ላቦራቶሪ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እሳቸው፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ምድጃና እኔ ነበርን።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ነጭ ጋዋናቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ግን አንድ ቀን ተጨማዶ አላየሁትም። ጠዋት ሲገቡ «አካም ቡልቴ፣ ያ ኢንታላ» ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ ብለው ባክቴሪያዎቹን «እናንተስ? ደኅና አደራችሁ?» ይላሉ። ፊታቸው ግን ፍንክች አይልም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሰውዬው ንክ ናቸው ብዬ ለአባቴ ነግሬው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የብርጭቆ ቱቦዎቹን እንደ መስተዋት አብለጭልጬ ደርድሬ ጠበቅኳቸው። ሊያመሰግኑኝ ነው ስል፣ ዞር ብለው እንኳ አላዩአቸውም። ትንሿን ጣታቸውን አንዱ ውስጥ ከተው ዳሰሱና «እንደገና» አሉኝ።

«ያበራል እኮ፣ ኦቦ!»

«ዓይን ይሸነገላል። ጣት አይሸነገልም። ዕቃ ታጠበ የሚባለው ጣት ሲመሰክር ነው።» ቀጥለው የሽንት ጎማ፣ ካቴተር የሚባለውን፣ አነሱና በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል አሹት። «ይሄ ደግሞ ጣት አይገባበትም። እንዲህ ጨምቀሽ እሺው። ንጹሕ ጎማ እርስ በርሱ ይያያዛል። ውስጡ ያልጸዳ ይንሸራተታል። ማንም ያምጣው፣ የማንም ይሁን፣ ሳትዳስሺ ንጹሕ ነው እንዳትይ። ገባሽ?»

«ገባኝ።» ወይ መግባት! ዛሬ ሳስበው ግማሹ ብቻ ነበር የገባኝ።

ያ ሁለት ጣት የማሸት ነገር ልማድ ሆኖባቸው ነበር። በውይይት ክበብ ካድሬው ተነስቶ ስለ ምርት እድገት ሲደሰኩር፣ ኦቦ ዋቅቶላ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ጣታቸውን ያሻሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ይንሸራተታል ማለታቸው ነው። ሳቄን ለመዋጥ ነጠላዬን አፌ ውስጥ እወትፍ ነበር።

አንድ ቀን ግን ሦስት የብርጭቆ ቱቦዎች አስቸገሩኝ። በሳሙና ብል፣ በሶዳ ብል፣ በብሩሽ ብፈትግ፣ ግድግዳቸው ላይ ቀለበት የመሰለ ሙልጭልጭ ነገር አልለቅ አለ። ሌላ አለቃ ቢሆን «ጉልበት የለሽም?» ነው የሚለው። እሳቸው ቱቦዎቹን ወደ መስኮቱ ይዘው ቆሙና «የማን ሽንት ነው?» አሉ። መዝገቡን አየን። የሦስቱም በሽተኞች የሽንት ጎማ ገብቶላቸው የተኙ ናቸው። ሦስቱም መርፌ ሲወጉ ይሻላቸዋል፣ መርፌው ባለቀ በሳምንቱ ትኩሳቱ ይመለስባቸዋል።

በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «እናቴ አርጆ ላሞች ነበሯት» ብለው ጀመሩ። «ወተት ማለቢያውን፣ ኦኮሌውን፣ በውሃ አለቅልቃ አታስቀምጥም። ውስጡን በቅጠል ትፈገፍገዋለች፣ በወይራ ጢስ ታጥነዋለች። አንድ ቀን እህቴ ሰንፋ በውሃ ብቻ አለቀለቀችው። በማግስቱ የታለበው ወተት ተበላሸ። ውሃ ለውጣ ደግማ አለቀለቀችው፤ አሁንም ተበላሸ። እናቴ ምን አለቻት? ‹ወተቱን ነው የደፋሽው። ያበላሸው ግን ግድግዳው ላይ ነው ያለው።› ያ ኢንታላ፣ እኛም ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ ወተት እየደፋን ነው።»

ባክቴሪያ ዝም ብሎ ሽንት ውስጥ የሚዋኝ አይደለም ነው የሚሉት። ጎማው ላይ ይለጠፋል፣ ክር የሚመስል ነገር ይፈትላል፣ በክሩ ቤት ሠርቶ ይቀመጣል። «መርፌው ደጅ የወጣውን ይገድላል። ቤቱ የገባው ተቀምጦ ይስቅብናል።»

መደርደሪያው ጥግ ላይ ከድሮ ሚሲዮኖች የቀረ፣ ኮንጎ ሬድ የሚል የተጻፈበት የቀለም ጠርሙስ ነበር። አዲስ አበባ ለኮርስ ሄደው ሳለ፣ ይህ ቀለም በታመመ ኩላሊት ውስጥ የሚጠራቀም ክር መሰል ፕሮቲን ላይ እንደሚጣበቅ አይተዋል። እስቲ ብለው እኔን ያስቸገሩኝ ቱቦዎች ውስጥ ጨመሩት። ቀለበቱ ቀላ። ብናጥበው ብናጥበው አልለቅ አለ። ከዚያ ባክቴሪያ የሚያሳድጉበት ሳህን ውስጥ ቀለሙን ደባለቁና ዘሩባቸው። አንዳንዱ ነጭ ሆኖ በቀለ፣ አንዳንዱ ደም መሰለ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት እነዚያ የቀሉት ሆኑ። የዚያን ቀን ደስታቸውን ብታዩ! ጋዋናቸውን ለብሰው ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩ፤ ዘበኛው ምን ጠፋብዎ ብሎ ጠየቃቸው።

ሁሉንም በተማሪ ደብተር ይጽፉ ነበር። ክሩን የሚያሟሟ ነገር ፍለጋ ሎሚ ሞከሩ፣ ኮምጣጤ ሞከሩ፣ የአመድ ውሃ ሞከሩ። «ባክቴሪያውን መግደል አይደለም ቁም ነገሩ» ይሉኛል። «ክሩን የሚፈታ ቢገኝ፣ ያው ያለን መርፌ ይበቃ ነበር። ያ መድኃኒት የለኝም። እስኪገኝ ማድረግ የምንችለው አንድ ነገር ነው፤ ጎማውን መጣል፣ አዲስ ማስገባት፣ ከዚያ መርፌውን መጀመር።» ለበላይ መሥሪያ ቤት አራት ገጽ ጻፉ። ከስንት ወር በኋላ ደብዳቤዎ ደርሶናል የሚል አንድ መስመር መጣላቸው። አንብበው አጣጥፈው፣ የሚወላገደውን የማይክሮስኮፕ ጠረጴዛ እግር ሥር ወሸቁት። «አገልግሎት ሰጠ» አሉ።

አዲስ ጎማ ከየት ይምጣ? እንደዚያ ጊዜ «የለም» የሚባል ቃል በዝቶ አላየሁም። ያገለገለው ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ለሚቀጥለው በሽተኛ ይገባል። አጣቢዋም እኔ ነበርኩ።

ፈይሳ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ኡኬ የሚባል አገር ልጅ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ከሰሜን ጦር ግንባር አከርካሪው ተመትቶ ተመለሰ። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም፤ ሽንቱም በጎማ ነው። እናቱ አዴ ጫልቱ አልጋው ሥር ጀንዲ አንጥፋ ትተኛ ነበር። ጦሩ ሬዲዮ መጠገን አስተምሮት ስለነበር ምኞቱ አንድ ነው፤ አገሩ ገብቶ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሬዲዮ መጠገን። «እግር አይጠይቅም» ይለኛል። «ጣት ብቻ ነው የሚጠይቅ።» እጁ ግን ሁልጊዜ በትኩሳት ይንቀጠቀጥ ነበር። መርፌ ሲጀመርለት ይሻለዋል፣ እናቱ ጓዟን ትሸክፋለች፣ መርፌው ሲያልቅ ያቃጥለዋል፣ ጓዟን መልሳ ትፈታለች። ሦስት ጊዜ ስትሸክፍና ስትፈታ አየኋት።

በዚያው ሰሞን ለአብዮቱ በዓል ከወዳጅ አገር የተላከ የሕክምና ዕቃ መጣ። ከመካከሉ አሥራ ሁለት አዳዲስ የሽንት ጎማዎች ነበሩበት። አስተዳዳሪያችን ጓድ ደምሰው እንግዶች ከበላይ አካል ይመጣሉና ዕቃው ለእይታ ይቅረብ አለ። ከነማሸጊያው አይታይም ብሎ ማሸጊያውን አስቀደደ። አሥራ ሁለቱ ጎማዎች በባለ መስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ቀይ ጨርቅ ላይ ተደረደሩ። ቁም ሣጥኑም፣ መስኮቱ ብረት ያለው ክፍል ላቦራቶሪው ብቻ ነው ተብሎ እኛው ጋ ተቀመጠ፤ ቁልፉ የጓድ ደምሰው ኪስ ገባ። በዓሉ አለፈ። ዝናቡ መንገዱን ቆረጠውና እንግዶቹ ቀሩ፤ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ያዙ፤ ደግሞ ቀሩ። ፈይሳ ከግድግዳው ወዲያ በትኩሳት ይቃዣል፤ ጎማዎቹ ከግድግዳው ወዲህ ተደርድረው እንግዳ ይጠብቃሉ።

ኦቦ ዋቅቶላ ሄደው ጠየቁት። እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ።

«ጓድ ደምሰው፣ አንድ ጎማ ይስጡኝ። አንድ ብቻ።»

«እንግዶቹ መጥተው ይሂዱ፣ ጓድ ዋቅቶላ። አሥራ ሁለት ብለን ጽፈናል፣ አሥራ ሁለት ማየት አለባቸው።»

«ልጁ እስኪመጡ ላይቆይ ይችላል።»

«አሮጌውን ደኅና አድርጋችሁ ቀቅሉለት። እኔንም እኮ የሚጠይቀኝ አለ!»

ጓድ ደምሰው ክፉ ነበር ብል ይቀለኝ ነበር። ፈሪ ነበር። ፈሪን ደግሞ እኔ ልሳደብ?

ከዚያ በሳምንቱ የፈይሳ ትኩሳት ጠፋ። መርፌው አለቀ፤ ትኩሳቱ አልተመለሰም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ የኦቦ ዋቅቶላን የተሰበረ ሬዲዮ ፈታቶ ጠገነላቸው፤ እጁ ፀጥ ብሎ። «ምን ተገኘ፣ ኦቦ?» ስላቸው፣ «እግዚአብሔር መሐሪ ነው» ብለው ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አሉ። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ የእግዚአብሔርን ስም በዋዛ አይጠሩም። እኔም አመንኩ።

ያደረጉትን በኋላ ነው የሰማሁት። የቁም ሣጥኑ ጀርባ ኮምፔንሳቶ ነው፤ በአራት ብሎን የተያዘ። ፈትተው አንዱን አዲስ ጎማ ወሰዱ፣ ቀቅለው ለነርሷ ለሲስተር ዓለሚቱ ሰጧት፤ እሷ ለፈይሳ አስገባችለት። አሥራ ሁለት እንዳይጎድል ከፈይሳ የወጣውን አሮጌ ጎማ አጥበው፣ ላዩን በግሊሰሪን ወልውለው ቀዩ ጨርቅ ላይ አጋደሙት። ከውጭ ለሚያየው አዲስ ነው። ለኔ አልነገሩኝም። ለምን እንዳልነገሩኝ ሲስተር ዓለሚቱ ጠይቃቸው፣ «ያላወቀች አትዋሽም» ብለዋታል።

እንግዶቹ በእርግጥ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ጓድ ደምሰው መጣና ቁም ሣጥኑን ራሱ ከፍቶ «ነይ እስቲ አንቺ፣ አቧራውን ጥረጊ» አለኝ። ኦቦ ዋቅቶላ ማይክሮስኮፑ ላይ ነበሩ። እኔ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ እጠርጋለሁ፤ እየጠረግኩም እንደለመድኩት በሁለት ጣቴ አሻለሁ። አንደኛው ያዘ። ሁለተኛው ያዘ። እንዲህ እያልኩ ሄጄ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ጣቴ ውስጥ ተንሸራተተ። ደግሜ አሸሁት። ተንሸራተተ። እውነት እነግራችኋለሁ፣ ኩራት ነው የተሰማኝ! በዓይን የማይታየውን በጣቴ ያዝኩት፤ ኦቦ ዋቅቶላም እዚያው አሉ፣ ይሰሙኛል።

«ይሄ አዲስ አይደለም!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ያገለገለ ነው!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ጓድ ደምሰው ጎማውን ነጠቀኝ። ኦቦ ዋቅቶላ ዘወር አላሉም፤ ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ እንደተከሉ ቀሩ። ደርቆ የቀረ ትከሻቸውን ሳይ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። የሕዝብ ንብረት ተሰረቀ፣ አሻጥር ተሠራ ተባለ። ኦቦ ዋቅቶላ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነስተው «እኔ ነኝ» አሉ። የሲስተሯን ስም አላነሱም። ስለ ክሩ፣ ስለ ቀይ ቀለሙ፣ ስለ እናታቸው ኦኮሌ ሊያስረዱ ሞከሩ፤ ከፊት የተቀመጡት ሳቁ። ግለ ሂስ ያድርጉ ተባሉ።

«አጥፍቻለሁ» አሉ። «አሥራ ሁለት ነበሩ። አንድ ብቻ ወሰድኩ።»

ከስብሰባው ወጥተው በላንድሮቨር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰዱ። ደብተራቸው ማስረጃ ነው ተብሎ አብሮ ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ቀይ ባክቴሪያ የበቀለባቸውን ሳህኖች እጠቢ ተባልኩ፤ አጠብኩ። እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ተጨበጨበልኝ! ንቁ ሠራተኛ ተብዬ ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ላቃጥለው ነበር፤ አባቴ ከእጄ ቀማኝና ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ነጋዴ ሁሉ አድኃሪ በሚባልበት ዘመን ያ ወረቀት ለሱ አጥር ነበር። እውነትም ከተሰቀለ ወዲህ የቀበሌ ሰዎች ሱቃችን መጥተው ማስፈራራት ተዉ።

እንግዶቹ መጡ፣ አዩ፣ ሄዱ። ወዲያው ሌሎች ሊመጡ ነው ተባለና አሥራ አንዱ ጎማ እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ። የፈይሳ ጎማ መለወጫው ደረሰ። ሲስተር ዓለሚቱ ለመነች። ጓድ ደምሰው ያንን ከሣጥኑ የተገኘውን አሮጌ ጎማ አውጥቶ «ይኸው፣ ወደ አገልግሎት ይመለስ» አለ።

እኔ እጅ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። በሶዳ ዘፈዘፍኩት። ቀጭን ሽቦ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ በውስጡ አመላለስኩ። ሦስት ጊዜ ቀቀልኩት። ከዚያ በሁለት ጣቴ መሃል አድርጌ አሸሁት።

ተንሸራተተ።

እንደገና ቀቀልኩት፤ እንደገና አሸሁት፤ ተንሸራተተ። ሲስተር ዓለሚቱ በሩ ላይ መጥታ «ሙሉነሽ፣ ደርሷል?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ኦቦ ዋቅቶላ ስብሰባው ላይ የቆሙት ትዝ አሉኝ፤ የሱቁ ግድግዳ ትዝ አለኝ፤ አባቴ ትዝ አለኝ። «ታጥቧል» አልኳት። ንጹሕ ነው አላልኩም። ስንት ዓመት ሙሉ በዚህች ቃል ተከልዬ ኖርኩ መሰላችሁ፤ ንጹሕ ነው አላልኩም እያልኩ።

ትኩሳቱ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። መርፌው ምንም አልፈየደም። አዴ ጫልቱ ጓዟን ለመጨረሻ ጊዜ የሸከፈችው ሬሳውን ወደ ኡኬ ስትወስድ ነው። እኔ በመስኮት አየሁ እንጂ አልወጣሁም።

ኦቦ ዋቅቶላ ከወራት በኋላ ተፈቱና ዲዴሳ ቆላ ወዳለ ጤና ኬላ ተዛወሩ፤ የወባ ደም ብቻ እንዲያዩ። ሊሄዱ ሲሉ ሳሙናና የፋኖስ ክር ሊገዙ ሱቃችን መጡ። ጋዋናቸውን ሳይለብሱ ሳያቸው ያ ሁሉ ቁመት የት እንደገባ እንጃ። አባቴ ማን እንደሆኑ አያውቅም። ግድግዳውን ሲመለከቱ አይቶ «የልጄ ነው!» አላቸው ደረቱን ነፍቶ።

ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ያ ኢንታላ፣ በደንብ ነው የዳሰስሽው» አሉኝ። ምፀት ነው ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ ምፀት አልነበረም። «እንዲያ ነው የሚዳሰስ። ማንም ያስቀምጠው፣ የማንም ይሁን። እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ፤ ከኔ ይልቅ ጣትሽን ማመንሽ ልክ ነው። በዚህ እንዳትጸጸቺ።» ምነው በሰደቡኝ! ምነው በጥፊ ባሉኝ!

ሳሙናውን ከረጢታቸው ውስጥ እየከተቱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ለፈይሳ የገባውንስ?» አሉኝ። «ዳስሰሽው ነበር?»

«ታጥቦ ነበር፣ ኦቦ» አልኳቸው።

ከረጢታቸውን አነገቱና በሩ ላይ ቆሙ። ቀኝ እጃቸውን አየሁት፤ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ቀስ እያሉ ይሻሹ ነበር። ከዚያ ወጡ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ለሰላምታ ተገናኝተን እናውቃለን፤ ለወሬ ግን አልተገናኘንም።

እንግዲህ ለቀብሩ በሚኒባስ አርጆ ሄድኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነው፤ መዝሙሩ በኦሮምኛ፣ ጸሎቱ በኦሮምኛ። የእህታቸው ልጅ ዶክተር ናት፤ አጠገቤ ተቀምጣ አወራችኝ። ዛሬ ባክቴሪያዎቹ የሚፈትሉት ያ ክር ስም ወጥቶለታል፣ አሚሎይድ የሚባል የፕሮቲን ዓይነት ነው አለችኝ። በዚያው በኮንጎ ሬድ ነው የሚለዩት። ትልልቅ ሳይንቲስቶች ክሩ እንዳይፈተል የሚያደርግ፣ የተፈተለውንም የሚፈታ መድኃኒት እየፈለጉ ነው፣ ያኔ መርፌው ገብቶ ይሠራል። «አጎቴ ይህን ስነግራቸው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «‹ኦኮሌውን ሊፈገፍጉ ነው በያቸው› አሉ።» ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ያ ደብተር ቢኖር አልኩ በልቤ፤ እሷ ግን ደብተር መኖሩንም አታውቅም።

ከኋላችን አንዲት አሮጊት በከዘራ እየተደገፈች መጣች። ዓይኗ ደክሟል፤ እኔ ግን ወዲያው አወቅኳት። አዴ ጫልቱ ናት። ከኡኬ ድረስ መጥታ! ማን እንደሆንኩ ሲነግሯት እጇን ዘርግታ ፈለገችኝ።

«ያቺ አጣቢዋ? ነይ፣ ነይ እስቲ» አለችኝ። አጠገቤ ተቀመጠች። «ያ ሰው ልጄን ሦስት ሳምንት ሰጠኝ። ትኩሳት የሌለው ሦስት ሳምንት። ልጄ በረንዳ ላይ ሲስቅ አየሁት፣ ሬዲዮ ሲጠግን አየሁት። ለዚያ ታሰረ፤ ለዚያ ነው የመጣሁት። አንቺም እኮ ቅዳሜ ጠዋት ያንን ጎማ ስትፈትጊ፣ ስትቀቅይ፣ ደግመሽ ስትቀቅይ በመስኮት አይቼሻለሁ። ለልጄ እንዲህ የደከመ ሰው የለም እያልኩ ስንት ዓመት ስመርቅሽ ኖርኩ።»

ሁለቱን እጆቼን ያዘቻቸው። አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን በመዳፏ ጨብጣ ወደ አፏ አስጠግታ ሳመቻቸው። «ዋቃዮ ሲ ሃ ኤቢሱ» አለች፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ። «እነዚህን ጣቶች ይባርክልሽ።»

አሁን ልንገራት አልኩ። አፌን ከፈትኩ።

«አሜን» አልኩ።